የመጡበት ምክንያት

ከቆቦ ቀበሌዎች በአንዱ፣ በነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ነው። የተወለደውን እመዘግባለሁ፤ ወደ ሌላ ከተማ ለሚሄድ መሸኛ እጽፋለሁ፤ ከሌላ ቦታ መሸኛ ይዞ ለመጣ መታወቂያ አዘጋጃለሁ። የሚፈርሙት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ማኅተሙም የሚቆለፈው በእሳቸው መሳቢያ ነበር። የእኔ ድርሻ ጽሕፈቱ ነው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር አንዳንድ ሰው ለማመልከቻም፣ ለሠርግ ጥሪም እኔ ጋ ይመጣ ነበር።

ቢሮው ባለ ቆርቆሮ ጣራ ነበር። በግንቦት እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ጠጠር የተበተነበት ያህል ይንጣጣል። በርና መስኮት ከፍተን ነበር የምንሠራው፤ ከውጭ ፍየል ገብታ ማመልከቻ ስታኝክ ያባረርኩበት ቀን አለ። ገጠሬዎቹ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገቡና ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ተራ ይጠብቃሉ። ያን ወንበር፣ ያን ጠረጴዛ፣ ያን ሙቀት እወደው ነበር። ከእናት አባቴ ቤት ወጥቼ የራሴን እንጀራ መብላት የጀመርኩት በእሱ ነውና።

የተወለድኩት ሮቢት ነው። ወልድያ ዲፕሎማዬን ይዤ ቆቦ ሥራ ሳገኝ ልብሴን በአንድ ሻንጣ፣ ምጣድና ድስቴን በአንድ ማዳበሪያ አድርጌ በሚኒባስ መጣሁ። አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። አከራዬ የጠየቁኝ ስንት ወር እንደምቀመጥ ብቻ ነበር። ለምን መጣሽ፣ የማን ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ለብዙ ሰው መሸኛ ጽፌያለሁ፤ ከብዙ ሰው መሸኛ ተቀብያለሁ። ወረቀት ስለሌለው ሰው ግን አስቤ አላውቅም።

አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ይመስለኛል፣ በቆላው ሜዳ ላይ ለመስኖ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች ድንኳን ተክለው ይኖራሉ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። ውሃው ከመሬት ሆድ ፈንድቶ የወጣ ዕለት ገበሬው በእልልታና በሆታ ሜዳውን አናወጠው። በዝናብ ብቻ ማሽላ ሲዘራ የኖረ ሕዝብ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ሊያይ ነው። ከዚያ ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ጨረሱ፤ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ሌላ አገር ሄዱ።

ሴትዮዋ ወደ ቢሮዬ የመጣችው እነሱ ከሄዱ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ወደ አርባ የተጠጋች፣ ረዘም ያለች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ናት። ጫማዋ የፕላስቲክ ነው። አንድ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«እንደምን አደርሽ እህቴ።»

«እግዜር ይመስገን። ምን ልርዳሽ?»

«መታወቂያ ፈልጌ ነው።»

«መሸኛ ይዘሻል?»

«ከየት?»

«ከነበርሽበት ቀበሌ ነዋ።»

«የነበርኩበት ቀበሌ የለም» አለች።

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ላይ ሹፈት የለም። ተቀመጪ አልኳት። ወረቀቱን ፈታ አቀረበችልኝ። ቆፋሪው ድርጅት የጻፈላት የሥራ ልምድ ነው፤ በወጥ ቤት ሠራተኛነት በትጋት ማገልገሏን ይናገራል።

የተወለደችው ወላይታ ነው። ልጅ ሆና እናቷ ስትሞት አክስቷ ሻሸመኔ ወሰደቻት። አክስቷም ብዙ ሳትቆይ አረፈች። ከዚያ መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች ወጥ መሥራት ጀመረች፤ መንገዱ ሲያልቅ ድልድይ፣ ድልድዩ ሲያልቅ ጉድጓድ። «ድንኳኑ ሲተከል እተከላለሁ፤ ሲነቀል እነቀላለሁ» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖራለች። በእጇ የነበረው የድርጅት መታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱንም ሥራው ሲያልቅ ተቀበሏት።

«ታዲያ ከእነሱ ጋር ለምን አልሄድሽም?»

በመስኮቱ አሻግራ አየች። «ደከመኝ። እዚህ ስኖር ጠዋት ጠዋት ያንን የዞብልን ተራራ አያለሁ፤ ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ። በሚቀጥለው ሰፈር ምን እንደማይ አላውቅም። ይሄንን ግን ለመድኩት።» ቀጠል አድርጋ፣ «ምግብ ቤት ልከፍት ነው። ንግድ ፈቃድ ስጠይቅ መታወቂያ አምጪ አሉኝ» አለች።

ጉዳዩን ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በድርቁ ዘመን እህል ሲያከፋፍሉ ለራሳቸው አንዲት ጣሳ ያላነሱ ናቸው እየተባለ በሰው ሁሉ ይነገርላቸዋል። በዚያ ሰሞን ግን ጭንቀት ነበረባቸው። በመናኸሪያው አጠገብ የተሠሩት የንግድ ቤቶች በዕጣ ሊከፋፈሉ ነው፤ ወጣቶቹ ደግሞ በስብሰባ ላይ ተነስተው «ለአገሬው ልጅ ሳይደርስ ለመጤ እንዳይሰጥ» ብለዋል።

«ባል አላት እዚህ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«የላትም።»

«ዘመድ?»

«የላትም።»

«ታዲያ ምን ፈልጋ ነው?»

«መኖር ነው የፈለገችው ጋሼ።»

«መኖር!» አሉ ሳቅ ብለው። «አገሯ ትሂድና መሸኛዋን ታምጣ።»

ወጥቼ ነገርኳት። አገሯ የሁለት ቀን ተኩል መንገድ ነው፤ በልጅነቷ የወጣችበት ቀበሌ ማን ብሎ እንደሚያውቃት እኔም እሷም አናውቅም። «እሺ» አለችና ሄደች። አልቅሳ ብትሄድ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስከፍት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምነው እህቴ፤ መልሱን ነግሬሽ የለም ወይ?»

«ነግረሽኛል። በአፍ ነው የነገርሽኝ። በወረቀት ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«አይሆንም ያላችሁትን። ማኅተም ያለው። ለምን እንዳልሆነ የሚል።»

ሊቀመንበሩ ሲሰሙ ተቆጡ። በሦስተኛው ቀንም መጣች፤ በአራተኛውም። አትጮህም፤ አትለማመጥም። ሰው ሲበዛ ቦታዋን ለሽማግሌ ትለቅና ግድግዳው ሥር ትቆማለች። ዕቃ የያዘች እናት ስትመጣ ልጇን ትቀበላታለች። እኔ ምሳ ስወጣ ትወጣለች፤ ስመለስ ትመለሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ሊቀመንበሩ ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ አዩዋትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ጻፊላትና ትገላገለን!» አሉኝ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ወረቀት አወጣሁ፤ ቀን ጻፍኩ፤ ቁጥር ሰጠሁት። ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ የተለመደ አጻጻፍ አለን፤ እጄ ሳያስብ ይጽፈዋል። «ያቀረቡት የነዋሪነት ጥያቄ ተቀባይነት ያላገኘው» ብዬ ደረስኩና «ምክንያቱም» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ምክንያቱም ምን?

መሸኛ ስለሌላት ልበል? መሸኛ የሌለው ሰው በሦስት የሰው ምስክር ይመዘገባል፤ እኔው ራሴ ስንቱን መዝግቤያለሁ። ዘመድ ስለሌላት? እንደዚያ የሚል መመሪያ አይቼ አላውቅም። መጤ ስለሆነች? ቃሉን አፌ ለምዶታል፤ በደብዳቤ ላይ፣ ከማኅተም በላይ ተጽፎ ሳስበው ግን አፈርኩ።

ደህና ምክንያት ፍለጋ ከመደርደሪያው ላይ መመሪያዎቹን አወረድኩ። ከእነሱ መካከል ሕገ መንግሥቱ ነበር፤ ሽፋኑ አቧራ የጠጣ ትንሽ መጽሐፍ። ለየቢሮው በታደለ ጊዜ እንደተቀመጠ ነው ያለው። በትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ ፈተና ላይ ስለ እሱ ተጠይቄ በደንብ መልሻለሁ። በሥራዬ ላይ ገልጬው አላውቅም። አንቀጽ ሠላሳ ሁለትን አገኘሁ። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ መዘዋወርና መኖሪያውን መመሥረት እንደሚችል ይናገራል። ትንሽ ወረድ ብሎ አርባ አንደኛው ደግሞ ዜጋ ሁሉ ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይላል። ደግሜ አነበብኩት። በመረጠው ነው የሚለው። ዘመድ ባለበት አላለም። በተወለደበት አላለም።

ከሮቢት ማዳበሪያዬን ይዤ ስመጣ ማንም ያልጠየቀኝ ለካ ስለታደልኩ ነበር። እሷ የመጣችበት መንገድ ከእኔ ይረዝማል እንጂ ሌላ ምን ልዩነት አለን?

ሊቀመንበሩ ሲመለሱ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬንም እፈልገዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ መጨረስ አልቻልኩም።»

«ምን ማለት ነው? ዲፕሎማ ይዘሽ ደብዳቤ አቃተሽ?»

«ምክንያቱን እርስዎ ይንገሩኝና እጽፋለሁ።»

«መሸኛ የላትም በያ!»

«ባለፈው ከጅቡቲ ለተመለሰው ልጅ በምስክር አልሰጠነውም? እሱም መሸኛ አልነበረውም።»

«እሱ የአገር ልጅ ነው።»

«እሷስ የየት አገር ልጅ ናት ጋሼ?»

መጽሐፉን ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አውጥተው በመሐረባቸው ጠረጉ፤ አጠለቁ፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡት። ሲጨርሱ መጽሐፉን አልዘጉትም።

«ምስክር ታምጣ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ሰው። የቀበሌው ነዋሪ የሆነ፣ በደንብ የሚያውቃት። ማን ይመሰክርላት እንደሆን አያለሁ!»

ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። «ሦስት ብቻ?» አለች።

በቀጠሮው ቀን ይዛቸው መጣች። የመጀመሪያዋ፣ ድንኳኑ ከተነቀለ ወዲህ ያደረችባቸው አከራይዋ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሰፈሩ የታወቁ ሙስሊም እናት። መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡና ሊቀመንበሩ ሳይጠይቋቸው፣ «ወላሂ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉ። «ታምሜ ስተኛ ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። የወለድኳቸው አረብ አገር ናቸው። ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ፣ ልጄን ከቤቴ ላስወጣት?»

ሁለተኛው የቁፋሮው ድንኳን መሬታቸው አጠገብ የነበረ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከእኛው ቀበሌ ነው። ጥርሳቸው ከፊት ሁለት ጎድሏል፤ ሲናገሩ ግን ሰው ያዳምጣቸዋል። ከአያቶቻቸው የወረሱት የኦሮሞ ቃል አንዳንዴ በአማርኛቸው መካከል ብቅ ይላል። ሊቀመንበሩን «ኢልማ ኮ» ነበር የሚሏቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ከየት እንደመጣች ያውቃሉ አባባ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ከወላይታ መጣሁ ትላለች። ወላይታን አላውቀውም።»

«ዘር ማንዘሯን ሳያውቁ እንዴት ይመሰክራሉ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተደገፉበት። «ኢልማ ኮ፣ እኔስ ከየት እንደመጣሁ ታውቃለህ? አባቶቼ ከብት እየነዱ ነው ወደዚህ ሜዳ የገቡት። ያንተ ደግሞ ከደጋ እህል ጠፍቶ ወረዱ፤ አባትህ ሲመጡ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ያባቴ ማሳ ላይ ጎጆ ሲቀልሱ እንጨት አቀብዬአቸዋለሁ። መሸኛ ይዘው ነበር?»

ሊቀመንበሩ ጢማቸውን ዳሰሱ። አባታቸው በችግር ጊዜ ከደጋ የወረዱ መሆናቸውን እኔ ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

«አልያዙም» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያስ!» አሉ ሽማግሌው። «ይህ የእኛ ራያ ማለት የመጣው ሁሉ ነው። የተቀመጠ ሰው የአገሩ ሰው ነው። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው፤ ጻፊ አንቺ ልጅ።»

ሦስተኛው ሲገባ ነው ሊቀመንበሩም እኔም የደነገጥነው። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው፤ በስብሰባው ላይ ተነስቶ መጤ ያለው ጎረምሳ እሱ ራሱ። ጉሮሮው ሁልጊዜ በጩኸት የሻከረ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ልትል ነው የመጣኸው?» አሉት።

«ልመሰክር።»

«ያን ቀን የተናገርከው ሌላ አልነበር?»

«ተናግሬያለሁ። አልክድም።» ኮፍያውን አወለቀ። «ቤት የለኝም፣ ቋሚ ሥራ የለኝም፤ ተናድጄ ነበር። ኋላ ይቺ ሴትዮ መናኸሪያ መጥታ፣ አንተ ነህ አሉ የተቃወምከው፣ ምን አደረግኩህ አለችኝ። ምንም አላደረገችኝም። እኔ ራሴ አፋር ጥጥ እርሻ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙቀቱ ሲጥለኝ የአፋር ሽማግሌ ናቸው ወተት እያጠጡ ያስነሱኝ። ለምን አገራችን መጣህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይቺ ሴት ከእኔ በምን ታንሳለች?»

ሴትዮዋ ግድግዳው ሥር ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ያን ዕለት በአገሬ ሰው ኮራሁ። ቆቦ ተወልጄ ባላድግም የእነዚህ ሰዎች ወገን መሆኔን አሰብኩና ደረቴ ሰፋ። ሕጉን እኔ ከመጽሐፍ አነበብኩት፤ አንዷ በመቁጠሪያዋ፣ አንዱ በአባቶቹ ታሪክ፣ አንዱ በጥጥ እርሻው ትዝታ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ። ዕድሜዋን በትክክል አታውቀውም፤ በስንት ዓመቷ ከሻሸመኔ እንደወጣች ቆጥረን አገኘነው። ብሔር የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። «ጻፊው፤ ወላይታ» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ። «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።» ጻፍኩት።

ከዚያ «የመጡበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። አብዛኛው ሰው በጋብቻ፣ በሥራ ዝውውር፣ በትምህርት ብሎ ያስሞላል።

«ምን ልጻፍልሽ?»

«ለመኖር በይ።»

ወደ ሊቀመንበሩ አየሁ። «ለንግድ ብትይ አይሻልም?» አሏት። የሚያግዟት መስሏቸው ነው።

«ንግዱ ባይሆንልኝስ? ልሄድ ነው?» አለች። «ለመኖር ነው የመጣሁት።»

ሊቀመንበሩ ሳቁ። ይህኛው ሳቅ የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም። «እንዳለችው ጻፊ» አሉኝ። በዚያ ጠባብ መስመር ላይ «ለመኖር» ብዬ ጻፍኩ፤ እጅግ ባማረው ጽሑፌ። መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ፈረሙ፤ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱ።

መታወቂያውን ስሰጣት ወዲያው ወደ ብብቷ አላስገባችውም። ፊደል የቆጠረችው ትንሽ ነው፤ ስሟን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ፎቶዋን አየችው። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እንግዲህ ብጠፋ የሚፈልገኝ አለ» አለች። ከዚያ ወደ አግዳሚው ሄዳ ተቀመጠችና ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አከራይዋ ጀርባዋን ሲያሻሹላት፣ ሽማግሌው ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ሲወጡ አስታውሳለሁ። እኔ ደግሞ ሥራ ያለኝ መስዬ የማያስፈልግ ፋይል ውስጥ አቀረቀርኩ።

ዕጣው ሲወጣ ስሟ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። አልደረሳትም። እኔ አዘንኩላት። እሷ ግን፣ «ምን ያሳዝንሻል፤ ገብቼ የለም ወይ? ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ነኝ» አለችኝ። ተራ አስከባሪውም አልደረሰውም። ሁለቱም በዚያው ሳምንት ተገናኝተው ሲያወሩ አየኋቸው፤ እየሳቁ ነበር።

በዋናው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ምግብ ቤቷን ከፈተች። መጀመሪያ ላይ አልሰመረላትም። የለመደችው ለብዙ ሠራተኛ በበርሜል ማብሰል ስለሆነ ወጡ ይበዛና ያድራል። ከአገሯ እንደምታውቀው የምታዘጋጀው የቃሪያ ዳጣ ደግሞ በጣም ያቃጥላል፤ የሞከረው ሾፌር ሁሉ ውሃ እየጠየቀ ይወጣ ነበር። የማሽላ እንጀራ መጋገርም አታውቅም፤ ከጎረቤት ትገዛለች። ከሰዎች መካከል፣ «ለዚህ ነበር ያን ያህል ልፋት?» ያሉ አልጠፉም።

እኔ ይህን ስሰማ እናደድ ነበር። መልሼ መልሼ አሰብኩበት። ወጧ ባይጣፍጥ፣ ቤቷ ቢዘጋ፣ መታወቂያዋን ልንቀማት ነው? እኔ ቆቦ ስገባ ጥሩ ሠራተኛ ሆኜ እንድገኝ ማንም አላስፈረመኝም። ሰው ለመኖር መጥቀም አለበት ከተባለ ከመካከላችን ስንቱ ይተርፋል? ይህን ለሊቀመንበሩ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ነገርኳቸው። «አንቺ ያቺን መጽሐፍ ከገለጥሽ ወዲህ ዕረፍት የለሽም» አሉኝ። ግን መጽሐፏን ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት አልባ ሰው ሲመጣ «አገርህ ሂድ» ማለት ቀርቶ «ምስክር አለህ?» ብለው ነበር የሚጀምሩት። ብዙ ሰው መዘገብን። ከጎብዬ የመጣ ጫማ ሠሪ፣ ከዋጃ ልጆቿን ይዛ የመጣች ባልቴት፣ ከአፋር በኩል ጨው ሲነግድ ኖሮ እግሩን ታሞ የቀረ አንድ ሰው። ሁሉንም አላስታውሳቸውም። እንደማንኛውም ነዋሪ ገብተው ከነዋሪው ጋር ተቀላቀሉ፤ ዋናውም ነገር እሱ ነው።

ሴትዮዋ ዳጣዋን አለዘበች። አከራይዋ ቅመም አመጣጠን አሳዩዋት፤ እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሴቶች ዳጣ አፈጫጨት አስተማረች። ከዓመት በኋላ ከመቀሌ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሾፌሮች ቆቦ ሲደርሱ የእሷ ቤት ሳይቆሙ አያልፉም ነበር። ሁለት ሴቶች ቀጠረች። የሰፈሩ ዕድር አባል ሆነች፤ ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። «ከሁላችሁም በላይ ድንኳን የማውቀው እኔ ነኝ» እያለች ወንዶቹን ካስማ አመታት ታርማቸዋለች። የአከራይዋ ልጆች ከአረብ አገር ሲመለሱ እናታቸውን እያጎረሰች ያገኟት እሷን ነበር፤ እህታችን ብለው ነው የሚጠሯት።

እኔ በኋላ ሥራ ቀይሬ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ወደ ሮቢት ለበዓል ስሄድ ግን አውቶብሴን እስከ ቆቦ አድርጌ ምሳዬን እሷ ዘንድ ሳልበላ አልመለስም። አንድ ጊዜ እንዲሁ ስገባ ሊቀመንበሩን አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። በየቀኑ እዚያ ነው የሚበሉት አሉ። ከአንድ እንግዳ ሾፌር ጋር አንድ ትሪ ቀርበው ያጫውቱታል።

«ይቺን የምታያትን ሴት» ይሉታል፣ «እዚህ አገር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።»

እሷ ከማብሰያው በኩል ሰምታ በበሩ ብቅ አለች። ማማሰያዋን እንደያዘች ነው።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «የተቀመጥኩት ራሴ ነኝ። እርስዎ ፈረሙ።»

ሾፌሩ ሳቀ። እሳቸው የጎረሱትን ዋጡ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና፣ «እውነቷን ነው» አሉት። «በደንብ ነው የተናገረችው። እኔ ፈረምኩ።» ወደ እኔ ዞር ሲሉ አወቁኝ፤ ፊታቸው በራ። ወንበር ሳቡልኝና፣ «ነይ እንጂ ባለ እጅ ጽሑፏ፤ ጠጋ በይ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።